በእድሩ ድንኳን ስር የቆመው ዛፍ

ውድ ሳምሪ፣

ፖስታውን ቀዳደሽ ሳትጥዪው አንብቢኝ። ስልኬን ብሎክ አድርገሽዋል፤ በጓደኛዬ በቤኪ ስልክ ስደውል ደግሞ ድምፄን ገና ስትሰሚ ትዘጊዋለሽ። እና ምን ላድርግ? እንደ ጥንት ሰው ወረቀት ገዛሁ። ቴምብሩን ልሼ ልሞክረው ስል ሻጯ "ስቲከር ነው እኮ" ብላ ሳቀችብኝ። በአማርኛ የምጽፍልሽ በእንግሊዝኛ የምልሽ ሁሉ ቀልድ እየመሰለሽ ስለተቸገርኩ ነው። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ስህተት ካገኘሽ ራስሽን ውቀሺ።

ስለ አባባ የምነግርሽ አንድ ነገር አለ። እውነት ነው። ግን አሁኑኑ ብነግርሽ አታምኚኝም። ከቅዳሜ ወዲህ ከእኛ ቤት የሚወጣ ቃል ሁሉ ለአንቺ ውሸት ነው፤ አልፈርድብሽም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅዳሜ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ እንዳለ ላውራልሽ። ከዚያ ታምኚኝ እንደሆነ እናያለን።

የጀመረው በዛፍ ነው። አትሳቂ። እሺ፣ ሳቂ።

እዚህ ቬጋስ፣ ሎን ማውንቴን ሠፈር ያለው ቤታችን ደጁ ጠጠር ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ኦክቶበር ሲገባ ጎረቤቶቻችን ለሃሎዊን ከሱቅ የገዙትን አጽም ይሰቅላሉ፤ የእኛ በር ላይ ያለው የሚካኤል ሥዕል ብቻ ነው። አባባ "የሰይጣን ልደት በቤቴ አይከበርም" እንዳለ ነው። ትዝ ይልሻል፣ "ላይብረሪ ደርሰን እንምጣ" ብለሽው እኔን አንሶላ አልብሰሽ ሮድስ ራንች ሠፈር ውስጥ ስታዞሪኝ? የዓይኑን ቀዳዳ ጠማማ አድርገሽ ስለቀደድሽው በአንድ ዓይን ነበር የማየው። "ለመንፈስ አንድ ዓይን ይበቃዋል" ብለሽ ከረሜላዬን ግማሹን በላሽብኝ። እማማ ግን ታውቅ ነበር። አንሶላውን ምንም ሳትል አጥባ፣ አጣጥፋ ቦታው ትመልሰው ነበር።

ዘንድሮ ከሱቅ ያልተገዛ ነገር መሥራት አማረኝ። ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ አባቶቻቸውም መንገድ ተሻግረው የሚሸሹት ዛፍ። ኮሌጁን ካቋረጥኩ ወዲህ (ኮሌጁ ነው ያቋረጠህ ትያለሽ፣ ልክ ነሽ) ጀምሬ የጨረስኩት ነገር የለም። ይህን እንኳ ልጨርስ አልኩ።

ባልዲ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቼ የፕላስቲክ ቧንቧ ተከልኩበት። በቧንቧው ዙሪያ የዶሮ ቤት ሽቦ ጠቀለልኩ፤ እጄን ብታዪው ከድመት ጋር የተጣላሁ ይመስልሻል። የግሮሰሪውን ቡናማ ከረጢት ቀዳድጄ፣ ዱቄትና ውሃ በጥብጬ በሠራሁት ሙጫ ነክሬ፣ እንደ ገመድ እየጠመዘዝኩ ሽቦው ላይ ለጠፍኩት። ሲደርቅ ቁርጥ ያረጀ ዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ የተንሻፈፉ ጣቶች አበጀሁ። ከጣሳ ሲረጭ የሚያብጠውን ፎም ለአፍንጫና ለጉንጭ፣ የፒንግፖንግ ኳስ ለዓይን፣ የወተት ጋሎን ቆራርጬ ለጥርስ። አመድማ ቀለም ቀባሁት፤ ጥቁር ጨርቅ ቦጫጭቄ ከላይ እስከ ታች አንጠለጠልኩበት። አገጩ ደግሞ፣ በዚህ ነው የምኮራው፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር የሚንቀሳቀስ ነው። ከኋላው ተደብቄ ክሩን ስስበው አፉን ይከፍታል።

ችግሩ ፀሐዩ ነው። የቬጋስ ፀሐይ ወረቀቱን ከላይ ቶሎ ያደርቀውና ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይሰነጣጠቃል። ጥላ ያስፈልገኝ ነበር። የእድሩ ድንኳን እትዬ ደመቀች ጋራዥ ውስጥ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። እሳቸው ሥራ ነበሩ፤ ልጃቸው ቤኪ ከፈተልኝ። ቤኪን ታውቂው የለ፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው፤ ድንኳን ለእሱ የካምፒንግ ዕቃ ነው። "ወንበሮቹንም ውሰዳቸው በናትህ፣ መኪናዬን ፓርክ የማደርግበት አጣሁ" አለኝ። ቅርንጫፍ ማድረቂያ ይሆኑኛል ብዬ ጭኜ ሄድኩ።

እስቲ አሁን እንደ አንድ አበሻ ሆነሽ ከመኪና ውስጥ ተመልከቺው። በራችን ላይ ነጭ ድንኳን ተተክሏል፤ ጎኑ ላይ የእድሩ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከስሩ ወንበር ተደርድሯል። ጥቁር ጨርቅ ይታያል። የአባባ መኪና በጠራራ ፀሐይ ቆሟል፤ መጋረጃው ሁሉ ዝግ ነው። አባባ አሁንም ካዚኖው ውስጥ የሌሊት ሺፍት ነው የሚሠራው፤ ቀን ቀን ስልኩን አጥፍቶ ጆሮውን ደፍኖ ይተኛል።

ጋሽ መልከጼዴቅ በታክሲያቸው ተሳፋሪ ይዘው አለፉ። እጄን አወዛወዝኩላቸው፤ እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምነው ዛሬ፣ ጨዋ ሆኑ" አልኩ በልቤ። ለካስ እያዘኑልኝ ነው። አባባ ጋ ደወሉ፣ ዝግ ነው። እትዬ ስሜነሽ ጋ ደወሉ። እትዬ ስሜነሽም አባባ ጋ ደወሉ፣ ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደደወለ እግዜር ይወቀው።

እኔ ከዛፉ ጀርባ ቁጭ ብዬ ክሩን እየፈተሽኩ ነበር። ዋይታ ሰማሁ። ጎረቤቶቻችን የሚያጮሁት የሃሎዊን ድምፅ መስሎኝ እኔም ላጅብ ብዬ ክሩን ሳብኩት። ለካ እትዬ ስሜነሽ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ኖሯል። ዛፉ አፉን ከፈተባቸው።

"በስመ አብ ወወልድ!" ቦርሳቸውን ወረወሩበት። አንዱን ጥርሱን አወለቁት።

ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ ወጣሁ። "እትዬ፣ የጥርስ ሐኪም ሆኑ እንዴ?"

አልሳቁም። ራሴን ይዘው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። "ልጄን! ልጄን! ሐዘኑ አእምሮውን አሳተው!" አሉ ከኋላቸው ለነበሩት ሴቶች።

"እትዬ፣ ማን ነው የሞተው?"

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ "አልነገሩትም ማለት ነው" ስትል ሰማኋት። እትዬ ስሜነሽ ወዲያው እንባቸውን ጠረጉ። ፊታቸው እንዴት እንደተለወጠ ብታዪ፣ ተዋናይ ነው የሚመስሉት። "ማንም አልሞተም የኔ ልጅ። እንዲያው ልንጠይቃችሁ ብለን ነው። አባትህ ደህና ነው።"

"ደህናማ ነው። ተኝቷል።"

"አዎ፣ ተኝቷል። ተኝቷል የኔ ጌታ" እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"ልቀስቅስልዎት?" ብዬ ወደ በሩ ስራመድ ክንዴን ጨበጡት። ያቺ ቀጭን ሴትዮ ያንን ጉልበት ከየት እንዳመጡት አላውቅም። "አትገባም! ወንዶቹ ይምጡ። ብቻህን አታየውም።"

ያኔ ገባኝ። ታውቂኝ የለ፣ ሳቄ እንደገና መጣ። ትንሽ ፋታ ቢሰጡኝ አባባን አንሶላ አልብሼ በመስኮት ላሳያቸው እያሰብኩ ነበር። ይህን እያሰብኩ እትዬ ስሜነሽ ለአንዷ ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ "ሳምሪ ከኤል ኤ ተነስታ ባርስቶው ደርሳለች" አሉ።

"ምን አሉ?"

"ምንም አላልኳትም ልጄ። አባትሽ ትንሽ አሞታል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው ነው ያልኳት።"

ሳምሪ፣ ሳቄ ያኔ አለቀ።

ያው ቃል ነው። ያው ሰው ናቸው። እማማ ያረፈች ጊዜ ከኤል ኤ ደውለሽ "እማማን አገናኘኝ" ስትዪው፣ አባባ "ደህና ናት፣ ተኝታለች" አለሽ። በማግስቱ እትዬ ስሜነሽ "እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው" አሉሽ። መርዶ በስልክ አይነገርም ይላሉ። ለአባባ ያልሽውን ግን በር ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ። "እሷ ሞታ፣ እኔ በአንተ ድምፅ ተረጋግቼ እራቴን በላሁ" ነው ያልሽው።  ከዚያ ወዲህ ስልኩን አንስተሽለት አታውቂም።

ወዲያው ደወልኩልሽ። ያኔ ገና ብሎክ አላደረግሽኝም ነበር። ነፋስ ይሰማ ነበር፤ መስኮቱን ከፍተሽዋል መሰለኝ።

"ሊውል። አባባ ሞቷል?"

"አልሞተም! አንቺ ሙች አልሞተም! ድንኳኑ የኔ ነው፣ ዛፍ እየሠራሁ ነበር!"

"ምን ዛፍ?"

"የሃሎዊን ዛፍ! አፍ አለው!"

 "አባባን ስጠኝ" አልሽ።

"ተኝቷል።"

ቃሉ ሲያመልጠኝ በጥርሴ ይዤ ልመልሰው ደረስኩ። አንቺ ያን ጊዜ የጮህሽውን ዓይነት ጩኸት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። "ሁላችሁም ውሸታሞች ናችሁ!" አልሽ፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል ሰማሁት። ተቆረጠ። ደግሜ ደወልኩ፣ አይገባም። ከባርስቶው ወዲህ ያለው በረሃ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። መንገዱን እኔም ነድቼበታለሁ። ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ ባዶ፣ ጭነት መኪኖቹ እንደ ግድግዳ በጎንሽ ያልፋሉ። ዓይኑ በእንባ የተሞላ ሰው ያንን መንገድ እንዴት ያየዋል? ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እውነት ተናግሬ ነዳጁን ያስረገጥኩሽ እኔ ነኝ አልኩ በልቤ።

"እትዬ፣ በእናቴ አጽም ይልቀቁኝ" አልኳቸው። ይህን ስል እጃቸው ላላ።

የአባባን በር አንኳኳሁ። ዝም። በቡጢ መታሁት። ዝም። ከኋላዬ ሴቶቹ "ኧረ ተው ልጄ" ይላሉ። ሳምሪ፣ እዚያ በር ላይ ቆሜ እኔም አመንኩ። ሁሉም ያወቀውን እኔ ብቻ ያላወቅሁ መሰለኝ። እጀታውን ለመያዝ ፈራሁ።

ስገፋው ተከፈተ። ክፍሉ ጨለማ ነው። እጁ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ስነካው ቀዝቃዛ ነው። "አባባ!" ወዘወዝኩት። "አባባ! አባባ!" መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና "ምን ሆነሃል አንተ ከይሲ!" አለኝ። ስድብ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ድንኳኑን፣ ዛፉን፣ ልቅሶውን። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። "ሳምሪ መንገድ ላይ ናት፣ ሞተሃል ብላ ነው" ስለው ግን ሌላውን ሁሉ የሰማም አይመስልም። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ።

በፒጃማው ወጣ። እትዬ ስሜነሽ መጀመሪያ ጮኹ፣ ቀጥለው እልል አሉ፣ ቀጥለው እንደገና አለቀሱ። ጋሽ መልከጼዴቅ ተሳፋሪያቸውን አድርሰው ለልቅሶው ውሃ ተሸክመው ሲመጡ፣ ውሃውን ጠጠሩ ላይ ጥለው "ሀብቴ! ምነው አንተ ሰው፣ ቢያንስ ስልክ አንሳ እንጂ!" አሉት፣ እንደ ጥፋተኛ ቆጥረውት። 

"ስሜ፣ ስልክሽን ስጪኝ" አላቸው አባባ እትዬ ስሜነሽን። የእሱን ቁጥር እንደማታነሺው ያውቃል።

ደወለ፣ አይገባም። ደወለ፣ አይገባም። አንዱ ወንበር ላይ የተኛውን ቅርንጫፍ አንስቶ መሬት አስቀመጠና ተቀመጠ። ከራሱ በላይ ያ ዛፌ አፉን እንደከፈተ ነው፤ ክሩ ተጠላልፎ አልዘጋ ብሏል። ማንም አላየውም። ለአባባ ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ለአንቺ መጸለይ ጀመሩ። "በሰላም አድርሻት፣ ኪዳነ ምሕረት" ይላሉ። አባባ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ያየዋል። እኔ ደግሞ የአባባን እጅ አያለሁ። ምንም የምቀልደው አልመጣልኝም። አንድ እንኳ።

ስልኩ ጮኸ። መንገዱ ላይ ያለችው ቤከር ከተማ ደርሰሽ ኔትወርክ ስታገኚ መሆን አለበት።

"እኔ ነኝ" አለ አባባ። ሌላ ቃል ሳይጨምር  ብዙ ሰማ። ያንቺን አልሰማሁም፤ የእሱን ብቻ ነው የሰማሁት። "አዎ" አለ። "አዎ፣ ያኔ ዋሽቼሻለሁ።" ሰው ሁሉ ፊት ነው ያለው፣ ሳምሪ። እትዬ ስሜነሽ አንገታቸውን ደፉ። "አሁን እኔው ራሴ ነኝ። መኪናውን አቁሚ። እዚያው ቆዪ፣ እመጣለሁ።" ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየው። ዘግተሽዋል።

"አትምጣ ብላለች" አለኝ። "ቁልፉን አምጣ።"

ቤከር ደርሰን ነበር። ይህን አታውቂም። የከተማዋ ምልክት የሆነው ትልቁ ቴርሞሜትር ስር፣ ነዳጅ ማደያዎቹ ጋ፣ ምግብ ቤቶቹ ጋ፣ የቆመ መኪና ሁሉ አይተናል። አባባ የአንቺን የሚመስል ግራጫ መኪና ባየ ቁጥር መኪናው ሳይቆም በሩን ይከፍታል። አንዱ ሱቅ ገብቶ የምረቃ ፎቶሽን ከዋሌቱ አውጥቶ ለካሸሯ አሳያት። "እያለቀሰች ውሃ ገዛች፤ ከዚያ ወደ ኤል ኤ ዞረች" አለችው። ዞረሽ ሄደሻል። አልተቀየምኩሽም። እኔ ብሆን እስከ ሜክሲኮ ነበር የምነዳው።

ወደ መኪናው ተመልሶ የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት አቃተው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። "አባባ፣ ምን ሆነሃል?" ስለው "ምንም" አለ። "አባባ!" አልኩት እንደገና። አንቺን ሲያጣ የነበረችው አቅም ያለቀችበት መሰለኝ፤ ነገረኝ።

እሺ፣ ደረስን። የምነግርሽ ይህን ነው።

አባባ ታሟል። አልሞተም፣ ታሟል። የልቡ ቫልቭ ጠቧል። ከዘንድሮው ሰመር ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሥራ ቦታ ደረጃ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ሲወስዱት ለእኔ "ኦቨርታይም ነው የቆየሁት" ብሎኛል፤ እኔም ሞኙ አምኜዋለሁ። ያን ቀን በሩን ስደበድብ ያልሰማኝ ጆሮውን ስለደፈነ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱ ስለደከመ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ማክሰኞ፣ ደረቱን ከፍተው ቫልቩን ይቀይሩለታል። ሐኪሙ ብዙ ሰው ይድናል ብሎታል። ቃል ግን አልገባለትም።

"ለሳምሪ እንዳትነግር" አለኝ እዚያው ቤከር። "የዛሬው ይበቃታል። ከጠየቀችህ ደህና ነው በላት። ካለፈ በኋላ እኔው እነግራታለሁ።"

"ካላለፈስ?" አልኩት።

በመስኮቱ በረሃውን አየ። 

እኔ አሁን ይገባኛል፣ ለምን እንደሚዋሹ። ያንን የሞተር ድምፅ ከሰማሁ በኋላ ይገባኛል። አንቺ መንገድ ላይ እንዳትቀሪባቸው ነው። ግን ደግሞ አንቺ ሳታውቂ፣ ያለ ሐሳብ እራትሽን እየበላሽ፣ እሱ ማክሰኞ ጠዋት በዚያ አልጋ ላይ እየተገፋ እንዲገባ አልፈልግም። ሁለተኛ ጊዜ አይሆንም። ስለዚህ አደራውን በላሁበት።

ድንኳኑንና ወንበሮቹን መልሻለሁ፤ እትዬ ደመቀች የጋራዡን ቁልፍ ከቤኪ ነጥቀውታል። ዛፉን ላፈርሰው ስል አባባ "ተወው፣ ልጆቹ ለምደውታል" አለኝ። የሠፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየመጡ ክሩን ይጎትታሉ፣ እሱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ አቁሟል። ቀን ቀን ስልኩ ክፍት ነው።

ወደ እኔ አትደውዪ። ወደ እሱ ደውዪ። "ደህና ነኝ" ይልሻል፣ ከአሁኑ ልንገርሽ። ያን ጊዜ "ሊውል ነግሮኛል" በዪው። ስሜን ጥሪ፤ አትደብቂኝ። ቁጣውን እኔ እችለዋለሁ፤ የሚቆጣኝ አባት ይኑረኝ እንጂ። መምጣት ከፈለግሽም ቀስ ብለሽ ንጂ፤ ይጠብቅሻል፣ እኔም እጠብቅሻለሁ።

ባትመጪ ደግሞ ብሎኩን ብቻ አንሺልኝ። ማክሰኞ ዕለት የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ እቆማለሁ። የሚሆነውን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በዚያው ደቂቃ ከእኔ አፍ ትሰሚዋለሽ፤ የትኛዋም እትዬ አትቀድመኝም።

ወንድምሽ ሊውል፣
አሁን በረንዳው ላይ ከአባባ ጀርባ ተቀምጬ። "ምንድነው የምትጽፈው?" ይለኛል።
"ለሳምሪ ነው" አልኩት።